የተከደነው ሳህን

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8

ይሄን ደብተር የሰጡኝ አለቃዬ ባ ናሊሼቦ ናቸው («ባ» ለትልቅ ሰው የምንለው ነው)። «ቀልድህ ጥሩ ነው፤ ግን ካፍህ ወጥቶ ይጠፋል። ጻፈው» አሉኝ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል የተባረርኩ ሰው ነኝ አልኳቸው። (የተባረርኩት የርዕሰ መምህሩን ወንበር ሙጫ ቀብቼ ነው። ሰውዬው እስከ ምሳ ሰዓት ቁጭ ብለው አስተዳደሩ።) «እንግዲያው ለሰባተኛ ክፍል የሚበቃ ቀልድ ጻፍ» አሉኝ። ሴትዮዋን በነገር ማሸነፍ አይቻልም።

ከሥራዬ ልጀምር። እኔ ቢዝዋዮ ሶኮ፣ «ከሸምበቆው ማዶ» በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሕዝብ አሟቂ ነኝ። ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ወጥቼ ተመልካቹን አስቃለሁ። ከዚያ ለተወዳዳሪዎቹ ቅል አድላለሁ። መጨረሻ ላይ ገመድ እስባለሁ። ቅዳሜ ማታ ሉሳካ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ያየናል። የሌለው ደግሞ ያለው ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያየናል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከሸምበቆው ግድግዳ ወዲያ ሦስት ወንዶች አሉ፤ የየራሳቸው ቁጥር የተጻፈበት ቅል ይዘዋል። እሷ ትጠይቃለች፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ አክስቶቻቸው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያጋንኑላቸዋል። ከበሮ ሲመታ በድምፁ ብቻ አንዱን ትመርጣለች። እኔ ገመዱን እስባለሁ፣ ሸምበቆው ይነሳል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ድምፀ መልካም ሁሉ መልከ መልካም አይደለም። የምንኖረው በዚሁ ነው።

ባ ናሊሼቦ ይሄን ነገር የጀመሩት እኔ ሳልወለድ በሬዲዮ ነበር። ያኔ ግድግዳ አያስፈልግም፤ ሬዲዮው ራሱ ግድግዳ ነው ይላሉ። ቴሌቪዥን ሲመጣ የማዳበሪያ ጆንያ ሰቀሉ። ቄሶቹ «ዘመድ የሌለበት መተጫጨት ብልግና ነው» ብለው ተነሱባቸው፣ አክስቶቹ የተጨመሩት በዚያ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሳህን መጣ። የተመረጠው ሰው በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን ይዞ ይንበረከካል። ውስጡ የወረቀት አበባና የሆቴል እራት ቲኬት አለ። የእውነቱ ሳህን፣ አማላጅ ይዞት የሚመጣው፣ ነጭ ዶቃና ሳንቲም ነው ያለበት። የልጅቷ ወገን ከፍቶ ካነሳ አለቀ፣ ታጨች። የኛው አበባ ነው። ለሳቅ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ ወደ ፕሮግራሙ ልሄድ ስል ጓደኛዬ ካሶንዴ ራቴን በላብኝ። የበቆሎ ገንፎ ንሺማዬን እየጠቀለለ በደረቁ ካፔንታ ዓሣ እያጠቀሰ፣ ዓይን ዓይኔን እያየኝ። ምንም ማለት አልችልም። እሱ ቤምባ ነው፣ እኛ ንጎኒ ነን። አያቶቻችን ሲዋጉ ኖረው ሲደክማቸው «ከእንግዲህ በምላስ ብቻ» ተባባሉ ይባላል። ስለዚህ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ሳህኔን ቢነጥቅ፣ እናቴን ቢሰድብ፣ በቀብሬ ላይ ቢጨፍር መቀየም ነውር ነው።

«አንተ አይጥ በላ፣ እህትህ እኮ ወጥ ትችላለች። አንተ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው?» አለኝ።

«ጦጣ በላ ጎረቤት ኖሮኝ ነዋ!»

«ቶኮዚሌ፣ እነዚህን ትተሽ ነይ ላግባሽ።»

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው እህቴ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

ይሄ ሦስት ዓመቱ ነው። ፍሪጅ ሊጠግን ሰፈራችን ማቴሮ ከመጣ ቀን ጀምሮ «ነይ ላግባሽ» ይላታል። ሰፈሩ ይስቃል። እሱ ከሄደ በኋላ ቶኮ ክር እየበጠሰች «ቢዝዋ፣ ይሄ ሰው የምሩን ይሆን ወይስ…» አለችና ቀሪውን ተወችው። እኔም ቀልድ መለስኩላት። የትኛውን እንደሆነ ረሳሁት።

ቶኮ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ናት። እንዲያ ጀምራ ነገሯን ስትተወው አይቻት አላውቅም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 18

ተሳካ። ቶኮን አስመዝግቤያታለሁ። ሦስተኛው ቅል የካሶንዴ ነው። ድምፁን እንዲያጎረንን ነግሬዋለሁ፣ እሷንም «ሦስተኛውን ምረጪ፣ የቱንም ያህል ቢያጎረንን እሱ ነው» ብያታለሁ። አገር ሁሉ እያየ ከተንበረከከ በኋላ «ቀልድ ነበር» ይበላ!

ካሶንዴ መጀመሪያ አላመነኝም። «ባለፈው ሱፍ አስለብሰህ 'የቴሌቪዥን ጣቢያው ፍሪጅ ተበላሽቷል፣ ሚኒስትር እየጠበቀህ ነው' ብለህ አልላክኸኝም? ዘበኛው እስኪያባርረኝ ቆሜ ቀረሁ።» በእናቴ መቃብር ማልኩለት። ሳቀ። «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» አለ።

ለወረቀት አበባው ምትክ አግኝቻለሁ። ምን እንደሆነ አልጽፍም። ደብተርም ወሬኛ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 19

ካሶንዴ አልመጣም። ዝናብ ነው መሰለኝ። ወይም…

ቀሪውን ነገ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 20፣ ማታ

ቶኮ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። ልጻፈው።

ትናንት አረንጓዴ የቺቴንጌ ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ ለዚህ ቀን ራሷ የሰፋችው። ስትገባ ሕዝቡ አፏጨ። የመጀመሪያው ቅል ስለ መኪናው አወራ። ሁለተኛው ዘፈነ፣ ባይዘፍን ይሻለው ነበር። ሦስተኛው ጎርናና ነበር፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ።

«ብታገባኝ በመጀመሪያው ቀን ምን ትሠራልኛለህ?» አለች።

«ዝም እላለሁ» አለ ሦስተኛው። «የሰው ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ማዳመጥ አለበት።»

ቶኮ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ካሶንዴ እንዲህ ያለ ጨዋ መልስ ከየት አመጣ ብላ ነው የሳቀችው፣ እኔ አውቃታለሁ። ከበሮው ተመታ። «ሦስት» አለች ሳታመነታ።

ገመዱን ሳብኩ። ሸምበቆው ተነሳ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ትልቅ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ቆሟል። ሰው ሲጎድል ከሚገቡት ተጠባባቂዎች ነው። ሉቢንጋ ይባላል፣ ጎሳው ካኦንዴ ነው፣ የሶልዌዚ ሰው።

እኔ ገመዱ ጋ ነበርኩ። ከዚያ ሆኖ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይታይም። አይታይም።

ቶኮ ዓይኗን ወደኔ ወረወረች። እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ሁሉም እየሳቀ ነበር። ሰውየው ተንበረከከና ሳህኑን ዘረጋ። ከፈተችው። አበባ የለም፤ ነጭ ዶቃና የአንድ ንግዌ ሳንቲም ነው ያለው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ አነሳችው። አክስቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፣ አንዷ ከአግዳሚው ወደቀች።

በእንዲህ ያለ ቦታ ዕቃ ይቀያየራል። ሰው ይበዛል።

ጠዋት ማሉሜ ዚንጋኒ ከቺፓታ ደወለ። የእናታችን ወንድም፣ አባትም እናትም የሆነን እሱ ነው።

«መጠጥ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው ያየው። ሰውዬው የማን ልጅ ነው?»

«ማሉሜ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ዶቃውም ጨዋታ ነው?»

«እ…»

«ስልኩን ለእህትህ ስጣት።»

ሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ካሶንዴን በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሌሊቱን የታመመ ይመስላል።

«ግብዣው እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር። በእናቴ ምዬልህ!»

«ባለፈውም በእናትህ ነው የማልከው።» ሊሄድ ዞሮ ተመለሰ። «ቢዝዋ፣ የእውነት ስትናገር ለምን ሌላ ፊት የለህም?»

የመጣልኝ የጦጣ ቀልድ ብቻ ነው። ዋጥኩት።

ማታ ቶኮ «ካሶንዴ ለምን እንደቀረ ነገረህ?» አለችኝ። እንጃ አልኳት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 2

ሉቢንጋ ከአክስቱ ጋር መጣ። አንድ ቆርቆሮ ማር ይዞ። የእኛ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ። (ይሄን ለመድረክ አስቀምጠው።) ማዕድን የሚያመላልሱ መኪኖች አሉት፣ ሚስቱ ሞታበታለች።

ስድብ ብጤ እንዲያመልጠው ጠበቅሁ። የምጠላበት ነገር ፈለግሁ። የለም።

«እኔም ለጨዋታ ነበር የመጣሁት» አለ ለቶኮ፣ መሬት መሬት እያየ። «አክስቴ ናት የጎተተችኝ። አበባ ነው ያለበት ብለውኝ ነበር። ስትከፍቺው ግን ዶቃ አየሁ። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። አንቺ ደግሞ አነሳሽው። እግዚአብሔር ነው ብዬ አመንኩ።»

ሳል ያዘኝ። አክስቱ ውሃ ሰጡኝ።

ጨዋ ሰው ነው። ያን ዕለት ቅሉን ስሰጠው እንኳ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 11

ማሉሜ ለጋብቻው ጉዳይ ከቺፓታ መጥቷል። ካሶንዴ ዛሬ አጎቱን ከካሳማ አስመጥቶ አማላጅ ላከ። አጎትዬው ኮት ለብሰው፣ የተከደነ ሳህን ይዘው፣ ካሶንዴ ከኋላቸው። ሸሚዙን ተኩሷል።

ማሉሜ ሳህኑን ሲያይ ጭኑን መታ። «ኑ እዩ! ቤምባ ሳህን ይዞ መጣ! ምንድነው ውስጡ፣ የጦጣ ጅራት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የካሶንዴ አጎትም ሳቁ፤ የቀልድ ዘመድ ሲሳቅበት መሳቅ ግዴታው ነው። «አይጥ አልያዝንም፣ እናንተ እንዳትበሉብን ብለን» አሉ፣ እንደ ወጉ።

«አባቴ፣ የምሬን ነው» አለ ካሶንዴ።

«የምሩን! ሃ! ይሄኛውስ ከሁሉም ይብሳል። የሙንኮዮ ጠላ አምጡለት!»

«እግርዎ ስር ልውደቅ? የምሬን ነው።» ወደቀም። ማሉሜ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ቶኮ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ካሶንዴን ብቻ ነበር የምታየው፣ ሩቅ ያለ ነገር እንደሚያይ ሰው።

ሲሄዱ ማሉሜ ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላቸው። ላዩ ላይ አንድ ደረቅ አይጥ አስቀምጦ። ጎረቤት አጨበጨበ። እስከ ዛሬ ካየሁት ቀልድ ይሄ ትልቁ ነው። አልሳቅሁም።

ማሉሜን ተከትዬ ወጣሁ። «ማሉሜ፣ ዶቃውን ሳህኑ ውስጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለካሶንዴ ብዬ ነው።»

«አንተ ደግሞ ጀመርክ» አለና ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

«የእውነቴን ነው! ጨዋታ ነበር!»

ያኔ ሳቁን አቆመ። «ከማን ጋር? ከካኦንዴ ጋር ጨዋታ አለን እንዴ? ያ ቤምባህ ቢሆን ኖሮ ስቄ ሳህኑን ለውሻ እወረውርለት ነበር። ይሄ ግን ባዕድ ነው። የባዕድን ሳህን ከፍተህ 'ስቀልድ ነው' አትልም። የከፈትከውን ትበላለህ።»

አያቶቻችን ሲዋጉ ኖረው ቀልዱን ለቤምባ ብቻ ሰጡት። ለኛ ያተረፉልን ነገር የለም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 25፣ ገና

ቶኮ የራሷን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ለሌላ ሰው ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር።

«ልንገርሽ የሆነ ነገር?» አልኳት።

«ቀልድ ከሆነ ዛሬ አልችልም፣ ቢዝዋ።»

«ቀልድ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ካሶንዴ የቀረው ከዚህ በፊት ስላሞኘሁት ነው፤ ይሄን ብቻ ነበር የምላት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሷ ግን ቀድማ «ጠርቼው አልመጣም» አለች። «ሦስት ዓመት በሬ ላይ ሲጮህ፣ አንድ ቀን ብጠራው አልመጣም። ሉቢንጋ አልጮኸም። መጣ።» ጨርቁን በመርፌ ወጋችው።

«ምን ነበር ልትለኝ?»

«ማሩ አለቀ» አልኳት።

ማሩ አላለቀም።

ቅዳሜ፣ ጃንዩወሪ 7

ባ ናሊሼቦ አስጠሩኝ። ጋብቻው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ስፖንሰሮቹ የድንኳኑን ወጪ ይሸፍናሉ። «ከሬዲዮ ጀምሮ ስንት ሰው አገናኘሁ» አሉ፣ «አንድም ጥንድ ሰርግ ላይ አልደረሰም። አንድ ጊዜ ብቻ ተቃርበን ነበር፣ ሰውዬው ባለትዳር ሆኖ ተገኘ። የአንተ እህት የመጀመሪያዬ ናት።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ባ ናሊሼቦ፣ ማስቆም አይቻልም?»

«ምኑን?»

«እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

«ልጄ፣ በሕዝብ ፊት የተነሳ ሸምበቆ ተመልሶ አይወርድም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ለመሆኑ ያን ቀን አበባው የት ገባ? እኔ በእጄ ነበር የሠራሁት።»

«አላውቅም።»

አልጋዬ ስር ነው። ቀዩ ወረቀት በእርጥበቱ እየለቀቀ ወለሉን አቅልሞታል።

ቅዳሜ፣ ጃንዩወሪ 21

ካሶንዴ ራቴን መብላት ካቆመ ስንት ጊዜ ሆነው። ዛሬ መንገድ ላይ አየሁት፣ የፍሪጅ በር ተሸክሞ።

«ጦጣ በላ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው እንዲሰማ፣ እንዲመልስልኝ።

ቆመ። «ደህና ዋልክ ወይ፣ ቢዝዋዮ» አለኝ።

ሙሉ ስሜን። እንደማንኛውም ሰው።

ማታ መድረክ ላይ ሕዝቡን አሟሟቅሁ። ሳቁ። ስለ በርጩማውና ስለ ጉልበቱ ያለውን ነገርኳቸው፣ ሞቱ በሳቅ። እኔ ጆሮዬ ላይ የሚሰማኝ ዝናብ ብቻ ነበር።

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 17

ሰርጉ ነገ ነው። ዝናቡ አላቆመም። ዛሬ ሦስት ጊዜ ወደ ጓዳ ገብቼ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሴቶቹ «ይሄ ልጅ ምን ይሰርቃል?» አሉ። ቶኮ በምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አሮጊቶቹ ይመክሯታል። ፊቷ እስከ ነገ ተሸፍኗል።

ነገ ጠዋት እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 18

ጠዋት ሰው በዛ።

ከቤት ሊያወጧት ሲሉ ካሶንዴ መጣ። ከሆነ ቦታ የጦጣ ቆዳ አግኝቶ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ፊቱን በአመድ ቀብቷል። እልልታ ሆነ። የቀልድ ዘመድ የሌለበት ሰርግ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይላሉ አሮጊቶቹ። ደፉ ላይ ተጋደመ። በጀርባው። እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋ።

«አትወጣም! ሚስቴ ናት! በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ውሰዷት!»

ሕዝቡ ሆዱን ያዘ። ካሜራው ወደ ፊቱ ቀረበ። ሳንቲም ወረወሩለት፣ ወጉ ነው፤ የቀልድ ዘመድ ከበር ላይ የሚነሳው ሳንቲም ሲሰጠው ነው። ሳንቲሙ ደረቱ ላይ፣ አመዱ ላይ አረፈ። አልተነሳም።

«አፈቅራታለሁ!» አለ። «ሦስት ዓመት! ስሙኝ እንጂ፣ አፈቅራታለሁ!»

«ጎበዝ!» አለ ማሉሜ ከሳቅ ብዛት ድምፁ እየጠፋ። «ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል እኮ! ጨምሩለት!»

ሉቢንጋ ሳይገባው ፈገግ ብሎ ትልቅ ኖት ሰጠው። እሱም ወጉን ያከበረ መስሎት።

ቶኮ ከደፉ ወዲያ ነጭ ጨርቅ ተከናንባ ቆማለች። ሙሽራ አንገቷን መድፋት ግዷ ነው። ከጨርቁ ስር ምን እንዳለ ማንም አላየም።

«ቢዝዋዮ!» አለ ማሉሜ። «አንተ የቀልድ አለቃ፣ ጓደኛህን አንሳልን!»

ጎንበስ አልኩ። ካሶንዴ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ከአመዱ ስር ዓይኑ ቀልቷል። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። «አንድ ጊዜ የእውነት ተናገር። እነሱ የሚሰሙህ ከሆነ አንተን ነው።»

ሁሉም ይጠብቀኝ ነበር። ካሜራውም ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ።

«ጦጣ ሲበላ አጥንት ወግቶት ነው፣ አታስተውሉም? እግሩን ያዙልኝ!»

እንዲህ ተስቆ አያውቅም። አራት ሆነን ተሸክመን አወጣነው። ቶኮ ባዶውን ደፍ ተሻግራ አለፈች።

ረቡዕ፣ ማርች 8

ቶኮ ከሶልዌዚ ደወለች። ሉቢንጋ ደህና ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ዝናቡ እዚያም አላባራም። ከዚያ ወሬ አለቀብን።

«ቢዝዋ፣ እስቲ አስቀኝ።»

የበርጩማውን ነገርኳት። የማሉሜን ነገርኳት። የጦጣውን ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ሌላ» አለች።

ሌላ አልነበረኝም።

«ዶቃው የእማዬ ነበር» አለች ከዚያ። «ገና ሳህኑን ስከፍት አወቅሁት። አንደኛው ጠርዙ ተሰብሯል፣ ልጅ ሆነህ ነክሰኸው። የአንተ ቀልድ ነው፣ መጨረሻ ያለው ነገር ነው፣ አሁን ካሶንዴ ከሆነ ቦታ ብቅ ይላል ብዬ ነው ያነሳሁት። አልኩኝ፣ ቢዝዋ ያውቃል።»

«ቶኮ…»

«ቀልዱ መጨረሻው ምን ነበር? እሱን ልጠይቅህ ነው የደወልኩት።»

ነገርኳት። የፍሪጁን፣ የሱፉን፣ ዘበኛውን፣ ካሶንዴ ለምን እንደቀረ። ቅሉን ለማን እንደሰጠሁ፣ ስሰጥ ፊቱን እያየሁት እንደነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስቅ ብዙ አወራሁ።

ስጨርስ ሳቀች። አጭር ነበር።

«ይሄንንም እየቀለድክ ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።